ጎድን ስትቆጥሩ ከአንደኛው አትጀምሩ

ነርሲንግም ሆነ ህክምና የምትማሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። የጎድን አጥንት ስትቆጥሩ ከአንደኛው አትጀምሩ። ከአንገት ስር ባለው አግድም አጥንት ስለሚሸፈን በእጅ ማግኘቱ ከባድ ነው፤ እሱን ፍለጋ ስትደክሙ ቆጠራው ከመነሻው ይዛባል።

ይልቅ ጣታችሁን ከጉሮሮ በታች ያለችው ስርጉድ ላይ አድርጉና በደረት አጥንቱ መሀል ለመሀል ቀስ እያላችሁ ውረዱ። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትወርዱ አግድም የወጣች ጉብታ ታገኛላችሁ። የደረት አጥንቱ የላይኛውና የመካከለኛው ክፍል የሚገጣጠሙባት ናት። ከእሷ ወደ ጎን ስትሄዱ የምትነኩት ሁለተኛው ጎድን ነው፣ ከሱ በታች፣ እስከ ቀጣዩ ጎድን ያለው ደግሞ ሁለተኛው ክፍተት። ከዚያ ወደ ታች መቁጠር ብቻ ነው።

ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ስታነሱ ቪ1 እና ቪ2 የሚባሉት ኤሌክትሮዶች የሚለጠፉት አራተኛው ክፍተት ላይ፣ ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ ጠርዝ ነው። በግምት ሲለጠፉ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ፣ ያኔ ጤነኛውን ሰው የልብ ችግር ያለበት ሊያስመስሉት ይችላሉ፤ በከንቱ መደንገጡ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

ከደረት ፈሳሽ በመርፌ ሲወጣስ? ዋናዎቹ የደም ስሮችና ነርቩ በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ስር ተጠግተው ነው የሚያልፉት። ስለዚህ መርፌው ከክፍተቱ በታች ያለውን ጎድን የላይኛ ጠርዝ ታክኮ ይገባል።

ጉብታዋን አሁኑኑ በራሳችሁ ደረት ላይ ፈልጓት።