የአሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ የፍሬን ፔዳል ችግሮች፦ ማስተሩን ከመቀየርዎ በፊት

"ፍሬኔ ወረደ" ብለው ከሚመጡ ባለ መኪናዎች ብዙዎቹ አዲስ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ገዝተው ይዘው ነው የሚደርሱት። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ችግሩ ግን ከኋላ ታምቡሮች (ከጎማው ጋር የሚዞሩት ክብ ብረቶች) ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። የፍሬን ዘይቱ መጠን፣ ታምቡሩን ወይም ዲስኩን ፈትጎ የሚያቆመው የሸራው ውፍረትና የሚያንጠባጥብ ቦታ አለመኖሩ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እነሳለሁ። ሞተሩን አስነስተው፣ መኪናው እንደቆመ ፔዳሉን ይርገጡና እግርዎ የተሰማውን በትክክል ይለዩ። "ፍሬን የለውም" የሚል ቃል ብቻውን ለማንም መካኒክ አይጠቅምም።

ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲረግጡት ከፍ ብሎ ይጠነክራል

በእጄ ካለፉት ችግሮች ይህን የሚያህል የበዛ የለም። ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ሸራው ባለቀ ቁጥር ክፍተቱን መሙላት የነበረበት ባለ ጥርስ ማስተካከያ በጭቃና በዝገት ደርቆ ቆሟል። መጀመሪያ ሲረግጡ ዘይቱ የሚሠራው ሸራውን ታምቡሩ ድረስ ማድረስ ብቻ ነው። ሞላው ሸራውን ሙሉ በሙሉ ሳይመልሰው ፈጥነው ሲደግሙት የቀረው መንገድ አጭር ስለሆነ ፔዳሉ ከላይ ይይዛል።

ሂሳቡን ላሳይ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሸራውን የሚገፉ 4 ፒስተኖች አሉ እንበል፤ ስፋታቸውም ከማስተሩ ፒስተን ጋር እኩል ይሁን። እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቢጓዝ ማስተሩ 8 ሚሊ ሜትር ይገፋል። የፔዳሉ ማንሻ 5 ለ 1 ከሆነ (እግርዎ 5 ሲወርድ ማስተሩ 1 የሚገፋ ከሆነ) እግርዎ 40 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አዲስ ማስተር ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ አየር ደጋግሞ ማውጣትም እንዲሁ።

መመርመሪያው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስበው ፔዳሉን ይርገጡ። ከፍ ብሎ ከያዘ ችግሩ የሸራው ርቀት ነው። በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ግን የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ በስተኋላ ያለውን ዘንግ ነው፤ በእነዚህ ላይ ይህ ምርመራ አይሠራም፤ ታምቡሩን መክፈት ግድ ነው።

አንድ መኪና ማስተሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት፣ አየሩ ስንት ጊዜ እንደወጣ ባለቤቱ ራሱ ረስቶት መጣልኝ። ታምቡሩን ስከፍት ሁለቱም ማስተካከያዎች በዝገት ተጣብቀው አንዲት ጥርስ አልዞሩም። በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀብቼ፣ አስተካክዬ ስገጥም ፔዳሉ የቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ሌላው ደግሞ ሸራው በቅርቡ ተቀይሮ ፔዳሉ በየሳምንቱ የሚወርድበት ነበር። የቀኙና የግራው ማስተካከያ ተለዋውጠው ተገጥመዋል። ጥርሳቸው በተቃራኒ የተቆረጠ ስለሆነ ማስተካከያው በሠራ ቁጥር ሸራውን ከማስጠጋት ይልቅ ያርቀዋል። አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን የሚፈቱ ሰዎች የሚያደርሱት ጥፋት ይህ ነው፤ አንዱን ጎን ሳይነኩ ለማመሳከሪያ ይተዉት።

የማስተካከሉ ሥራ እንዲህ ነው። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያግዱ፤ የኋላውን አንስተው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን የሚይዝ ከሆነ ይህ ማስጠንቀቂያ እጥፍ ነው፤ አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት እንደለቀቀ ዲፈረንሻሉ (የዘንጉን ዙር ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ያንን ጎማ ስለሚያሽከረክረው የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አይዝም፣ መኪናውም ይንከባለላል። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ገመዱንም ያላሉ። ከታምቡሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ጥርሱን ያዙሩ፤ ከዚያ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ብቻ እያሰማ እስኪዞር ይመልሱት። ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጠው እንደገና ይፈትሹ፤ ሸራው ቦታውን ሲይዝ ክፍተቱ ይለወጣልና። የገመዱን ውጥረት የሚያስተካክሉት ከሁሉም በኋላ ነው።

የገመዱን ነገር ደግሜ የምናገረው ብዙ መኪና ያበላሸ ስህተት ስለሆነ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሲላላ ሸራውን ሳይነኩ ገመዱን ብቻ ያጠብቁታል። ገመዱ ሲወጠር ውስጥ ያለው ማንሻ ከማረፊያው ይነሣል፤ በብዙ መኪናዎች ላይ ራሱ የሚያስተካክለው ክፍል ከዚያ በኋላ መሥራት ያቆማል። የእጅ ፍሬኑ ለጊዜው ይይዛል፣ ፔዳሉ ግን ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል። የማስተካከያው ሥራ በአንዳንዱ መኪና የእጅ ፍሬን ሲሳብ፣ በሌላው ወደ ኋላ እየሄዱ ፍሬን ሲረገጥ የሚከናወን ነው፤ በጣም አሮጌዎቹ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም፣ በእጅ ካልተስተካከሉ አይስተካከሉም። የታምቡሩን ብናኝ በአየር ግፊት አይንፉ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አርጥበው ይጥረጉት።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል

በፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ገብቷል፣ ወይም ዘይቱ የሚያልፍበት አሮጌው የላስቲክ ቱቦ ሲረገጥ ያብጣል። አየር ሲያወጡ ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘውን፣ ግፊቱን እንደ ጭነቱ የሚመጥነውን ቫልቭ አይርሱ። አክሰሉ ተንጠልጥሎ ከቆመ ቫልቩ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል፤ መኪናው በጎማው ቆሞ አየሩ ቢወጣ ይሻላል። አየር አልወጣ ካለ ካሊፐሮቹን (የፊት ዲስኮቹን የሚጨብጡትን ክፍሎች) ይመልከቱ። የቀኙ በግራ ተገጥሞ የአየር ማውጫው ብሎን ከታች ሆኖ ካገኙት ዓመት ሙሉ ቢደክሙ አየሩ አይወጣም።

በቀስታ ተጭነው ሲቆዩ ቀስ እያለ ይሰምጣል

ውጭ የሚፈስ ከሌለ ጥፋቱ የማስተሩ ነው፤ የውስጡ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ግፊቱን ያሳልፋል። ማስተር መቀየር ያለበት እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ማስተር ባለበት አየር ሲያወጡ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አይርገጡ፤ ጎሚኒው ደርሶበት በማያውቀው የዛገ ክፍል ላይ ተፍቆ ይቆረጣል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ያስቀምጡ።

ከጠማማ መንገድ በኋላ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ ሁለተኛው ይይዛል

የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላልቷል፤ ዲስኩ እየተወዛወዘ የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋል። ጎማውን አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት።

ፔዳሉ ይደርቃል፣ መኪናው ግን አይቆምም

ሞተሩን አጥፍተው ብዙ ጊዜ ይርገጡ፣ እንደረገጡ ይዘው ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ሰርቮው (በቫኪዩም የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው ክፍል)፣ ቱቦው ወይም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ሞቷል። በናፍጣ ሞተር ላይ የቫኪዩም ፓምፑን አስቀድመው ይፈትሹ፤ በብዙዎቹ ከዲናሞው ጀርባ ነው። ሰርቮው ደህና ከሆነ የአክሰል ዘይት ሸራውን አርሶት እንደሆነ ይዩ። የራሰ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል።

ፍሬኑ ይዞ አይለቅም

የፍሬን ዘይቱ የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ ተዘግቷል፣ ወይም ከሰርቮ ወደ ማስተር የሚገፋው ዘንግ ነፃ ክፍተት የለውም።

ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል

ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ተጣሟል።

በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ይጠፋል

ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሩ 230 እና 155 ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት፤ በከባድ ማርሽም ይውረዱ።

የዘይት ዕቃው ክዳን ጎሚኒ አብጧል

አንድ ሰው የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጨምሯል፣ ካልሆነም በነጭ ጋዝ አጥቦታል። ይህ ቸልተኝነት ሰው ይገድላል፤ ያበጠ ጎሚኒ ጎማውን እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ዘይቱን ቀይሮ መሄድ አይበቃም። የማስተሩ፣ የካሊፐሮቹና የጎማ ሲሊንደሮቹ ጎሚኒ፣ ቱቦዎቹም ጭምር ይቀየራሉ፤ የብረት መስመሮቹም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይታጠባሉ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።