5.3 ሞተርን ከድሮው ቱርቦ 350 ካምቢዮ ጋር እንዴት አስማማሁት

የ1969 ሼቭሮሌት ሼቬል ላይ ከሲልቨራዶ ፒካፕ የወጣ 5.3 ሊትር ሞተር ገጠምኩ። ካምቢዮው ግን የድሮው ቱርቦ 350 አውቶማቲክ እንዲቆይ ፈለግኩ። ሦስት ማርሽ ብቻ ቢኖረውም ኮምፒውተር አይፈልግም። አውራ ጎዳና የሚያበዛ ሰው ግን 4ኤል60ኢ የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ አራተኛ ማርሹ 0.70 ስለሆነ (ሞተሩ 0.70 ዙር ሲዞር የካምቢዮው መውጫ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል) ሞተሩ ብዙ አይጮህም።

የካምቢዮው ቤት ሞተሩ ላይ ልክክ አለ። አንድ ብሎን ቦታ ያጣል፣ ችግር የለውም። ጣጣው ውስጥ ነው። የዚህ ሞተር ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጫፍ ከድሮው የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ሞተር 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ስለዚህ የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) አፍንጫ ክራንክሻፍቱ ላይ የሚደገፍበት ቀዳዳ ድረስ አይደርስም። «ብሎኑን ጥብቅ አድርገህ ሳበው» የሚል አይጠፋም። እንዳትሰሙት! ክራንክሻፍቱንና ኮንቨርተሩን የሚያገናኘው ስስ ሳህን፣ ፍሌክስፕሌቱ፣ ይሰነጠቃል፣ የካምቢዮው ፓምፕም ይበላል።

እኔ ስፔሰር (ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት)፣ ጠፍጣፋ ፍሌክስፕሌትና ረዘም ያሉ ብሎኖች አንድ ላይ የያዘ ኪት ገዛሁ። የክራንክሻፍቱን ብሎኖች በሦስት ዙር አጠበቅኩ፦ 20፣ 50፣ ከዚያ 100 ኒውተን ሜትር። ቀጥሎ ኮንቨርተሩን ፓምፑ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፋሁትና ከፍሌክስፕሌቱ ያለውን ክፍተት ለካሁ። ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የኔ 4 ገደማ ሆነ። ሞተሩ ሲነሳ ንዝረት የለም፣ ድምፅ የለም።

ሞተር ገና የምትገዙ ከሆነ ግን የ1999 እና የ2000 ባለ ብረት ሲሊንደር ሄድ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) 6.0 ሊትሩን እዩት። ክራንክሻፍቱ ረዘም ስለሚል ስፔሰር አያስፈልገውም።