የአይሲዩ ማስታወሻ እንዴት ይያዛል? ለጀማሪ ሐኪሞች

ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ እኛ አይሲዩ የምንለው ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደበ ሐኪም ወፍራም መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ሳምንት ሳይሞላ ተውኩት። ሌሊት የደረሰልኝ ከአልጋው አጠገብ የጻፍኩት ማስታወሻ ነው።

1. ለአንድ ታማሚ አንድ ገጽ

በየቀኑ አንድ ታማሚ ምረጡ። ለምን ገባ? ምን ተደረገለት? ያልገባኝ ምንድን ነው? ማታ የምታነቡት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሰዓት ስትጽፉ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ለዩ። «6 ሰዓት ላይ የተሰጠ መድኃኒት» ለተረኛው ሁለት ትርጉም አለው።

2. ቁጥሩን በእጃችሁ አስሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ለነበሩ ሕሙማን፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር በኪሎ ከ12 ወደ 6 ሚሊ ሊትር ሲቀነስ የሟቾቹ ድርሻ ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 31 በመቶ ወረደ።

ግን የቱ ኪሎ? ሚዛን ላይ የሚታየው አይደለም። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። ስሌቱ በቁመት ነው፦ ከቁመቱ በሴንቲ ሜትር 152.4 ቀንሱ፣ ቀሪውን በ0.91 አባዙ፣ ለሴት 45.5፣ ለወንድ 50 ደምሩ።

ቁመቷ 160፣ ክብደቷ 85 ኪሎ የሆነች እናት ተኝታለች እንበል። በስሌቱ 52.4 ኪሎ ትሆናለች። በ6 ሲባዛ 315 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሚዛኑ ብንሄድ 510 እንሰጣት ነበር። ስለዚህ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ተኝታም ቢሆን ቁመቷ ይለካል።

3. መመሪያውን ከምትሠሩበት ቤት ጋር አስተያዩ

ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ግፊቱ ለወረደ ሰው፣ ዓለም አቀፉ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይላል። ዛምቢያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው 48 በመቶው ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ናቸው። አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ነበሩ፤ ሁሉም ታማሚ እንደነሱ ነው ማለት አይደለም። እኔ ግን ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጽፌያቸዋለሁ። ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ሳንባውን አዳምጡ፣ ከዚያ ስለሚቀጥለው ወስኑ።

4. የጠዋት ዙር

ምግብ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የማረጋጊያ መድኃኒት መጠን፣ የደም መርጋት መከላከያ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ያለ ራስጌ፣ የጨጓራ መከላከያ፣ ስኳር። በየአልጋው ጠይቁ፣ እለፉ።

5. ነርሷን ስሙ

አንድ ሌሊት ግፊቱ ጥሩ ነው ብዬ ላልፍ ስል ተረኛዋ ጠራችኝ። «ዶክተር፣ ሽንቱ እኮ ቆሟል።» ከረጢቱን አየሁት፤ በ4 ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር። ለ60 ኪሎ ሰው ቢያንስ 120 እንጠብቃለን። ሞኒተሩ ያልነገረኝን ሲስተር ነገረችኝ። ያን ቀን የጻፍኩት ገጽ ዛሬም አለኝ።

6. ሙያው ለእኔ ነው ወይ?

እዚህ አገር መንገዱ አንድ አይደለም። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ ይቻላል። በአንስቴዥያ የሚገቡም አሉ። ከውስጥ ደዌ በኋላ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና አለ።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን መርዶ ሲነገር አጠገብ ቁሙ። የማሽኑን ቁልፎች ማንም ይለምዳቸዋል፤ እኔን የፈተነኝ ይሄ ነው። አስታማሚዋ ብቻዋን ከሆነች ቶሎ አትንገሯት። ከዘመድ ጠና ያለ ሰው ይጠራ። ወንበር አምጡ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ቁጭ በሉ። «ሁኔታው ጥሩ አይደለም» እያላችሁ አታንከራትቷቸው፤ «አርፏል» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ለቅሶው እስኪበርድ አትነሱ።