ከ2028 በኋላ የአውሮፓን የክልል ልማት ገንዘብ ለምትፈልጉ፦ ዝግጅቱ አሁን ነው

አውሮፓ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት፣ በማኅበር ወይም በትንሽ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ክልላችሁ የት እንደተመደበ እወቁ። የነፍስ ወከፍ ምርቱ ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ 75 በመቶ በታች ከሆነ፣ ኅብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው እስከ 85 በመቶ ሊሸፍን ይችላል። ሀብታም ክልል ከሆነ ግን በአብዛኛው ከ40 በመቶ አያልፍም። ቀሪውን ከየት እንደምታመጡ ሳታውቁ ማመልከቻ አትጀምሩ።

ቀጥሎ፣ ያለውን ገንዘብ አትርሱ። የአሁኑ ዙር ከ2021 እስከ 2027 ነው፤ ወጪ ማውጣት የሚቻለው ግን በአብዛኛው እስከ 2029 መጨረሻ ነው። በጊዜው ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ስለሚሰረዝ፣ ወደ ማብቂያው ቢሮዎቹ ይጣደፋሉ። ፈንዱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ደውሉና «የቀረ ገንዘብ አለ ወይ?» በሉ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2025 ያቀረበው የ2028–2034 የበጀት ሐሳብ የክልል ልማቱን ገንዘብ ከግብርናው ጋር ቀላቅሎ ለእያንዳንዱ አገር አንድ ዕቅድ ያደርገዋል፤ በጠቅላላው ወደ 865 ቢሊዮን ዩሮ። ክልሎች ይህን አልወደዱትም፣ እኔም አልፈርድባቸውም፤ ውሳኔው ወደ ዋና ከተማ ይሸሻል፣ ገበሬውም ከዚያው ማዕድ ይቆርሳል። 27ቱ የኅብረቱ መንግሥታት ካልተስማሙና የአውሮፓ ፓርላማ ካልፈቀደ በጀቱ አይጸድቅም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት። ዕቅዱን አገራችሁ ውስጥ የትኛው ሚኒስቴር እንደሚያረቅቅ ግን አጣሩ፤ ምክክር ሲጠራ አትቅሩ።

በሐሳቡ መሠረት ክፍያው በደረሰኝ ሳይሆን በውጤት ነው የሚለቀቀው። ከኮቪድ በኋላ የመጣው የማገገሚያ ፈንድም እንደዚሁ ነበር። ስለዚህ ፕሮጀክታችሁን ከአሁኑ በደረጃ ከፋፍላችሁ ጻፉ። «ወጣቶችን እናሠለጥናለን» አይበቃም። «በአንደኛው ዓመት 120 ወጣቶች ሥልጠና ጨርሰው የምስክር ወረቀት ይይዛሉ» በሉ፣ ማን እንደሚያረጋግጠውም ጨምሩ። ለራሳችሁ ደግሞ ክፍያው ስድስት ወር ቢዘገይ ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል አስሉ፤ ትንንሽ ድርጅቶችን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ምሳሌ ካጣችሁ ኮሄዚዮ የተባለውን የኮሚሽኑን ድረ ገጽ ክፈቱ። ክልላችሁ ውስጥ ማን ለምን ሥራ ስንት ዩሮ እንዳገኘ ታያላችሁ። የእናንተን የሚመስል ካገኛችሁ ሰዎቹን ቡና ጋብዙና የት ላይ እንደተቸገሩ ጠይቋቸው።