ፎቶው አንድ ቦታ፣ ካርታው ሌላ ቦታ፦ የጂፒኤስና የካሜራ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ካሜራና ጂፒኤስ ለየብቻ ይዛችሁ ተጉዛችኋል፤ ስትመለሱ ፎቶዎቹን በሶፍትዌር ካርታ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ያነሣችሁትን ፎቶ ግን ከሐይቁ ርቆ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ወይም ሶፍትዌሩ ከዚያ ሁሉ ፎቶ ለአንዱም ቦታ አላገኘሁም ይላችኋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው ጂፒኤሱን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የካሜራውን ሰዓት እዩ እላለሁ። አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከዚያ ነው።

ለምን እንደሆነ አሠራሩን ስታዩ ይገባችኋል። ጂፒኤሱ በየጥቂት ሰከንዱ የት እንደነበረና ስንት ሰዓት እንደነበር ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ትራክ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጂፒኤክስ ፋይል ነው። ካሜራው ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ ያነሣበትን ሰዓት ፎቶው ውስጥ፣ ኤግዚፍ በሚባለው ክፍል ይጽፋል። ሶፍትዌሩ የሁለቱን ሰዓት ያመሳክርና ኬክሮስና ኬንትሮሱን ፎቶው ላይ ይጽፍላችኋል። ካሜራው ስለ ቦታ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰዓቱ ከተሳሳተ ቦታውም አብሮ ይሳሳታል።

ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የስህተቱን መልክ በደንብ ተመልከቱ። የሰዓት ችግር ፎቶዎቹን ከሄዳችሁበት መንገድ አያስወጣቸውም፤ እዚያው መንገድ ላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያንሸራትታቸዋል። የሲግናል ችግር መንገዱን ራሱን ያጣምመዋል። የቁጥር አጻጻፍ ችግር ደግሞ ፎቶውን ነቅሎ ሌላ አገር ይጥለዋል።

አንድም ፎቶ አልገጠመም

ዋናው ተጠርጣሪ የሰዓት ዞን ነው። ትራኩ ውስጥ ያለው ሰዓት ዩቲሲ ነው፤ የትም ብትሆኑ አንድ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ማለት ነው። ካሜራው የሚጽፈው ግን ሜኑው ላይ የሞላችሁትን የአካባቢ ሰዓት ነው። ኤግዚፍ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሰዓት ዞን መጻፊያ ቦታ አልነበረውም። ያ የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 2.31 ስሪት ነው። የቆየ ካሜራ ያነሣው ፎቶ 10፡15 ይላል እንጂ የየት አገር 10፡15 እንደሆነ አይናገርም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ የሰዓት ዞን ሲጠይቃችሁ የካሜራው ሰዓት የተሞላበትን ዞን ስጡት። ፎቶውን ያነሣችሁበትን አገር ዞን አይደለም። ድንበር ተሻግራችሁ የካሜራውን ሰዓት ካልነካችሁት፣ ትክክለኛው መልስ የመነሻችሁ ዞን ነው። የዞን ልዩነት ሁልጊዜ በሙሉ ሰዓት እንዳልሆነም አትርሱ። ህንድ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በራሳቸው ሞቃት ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉ አገሮችም አሉ። ልዩነቱ ልክ አንድ ሰዓት ከሆነ እሱን ጠርጥሩ።

ዞኑ ልክ ሆኖ ካልገጠመ ቀኑን እዩ። ባትሪው ወጥቶ የከረመ ካሜራ ቀኑን ረስቶ ፋብሪካው ወደሞላለት ቀን ይመለሳል። ኤኤምና ፒኤም ተለዋውጠው ከሆነ ደግሞ የ12 ሰዓት ልዩነት ታያላችሁ።

ቀኑ የተሳሳተው ጂፒኤሱ ላይም ሊሆን ይችላል። የጂፒኤስ ዋናው ሲግናል ሳምንቱን የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለሆነ፣ 1024 ሳምንት በሞላ ቁጥር ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 ሆኗል። ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። ፈርምዌሩ (ውስጡ ያለው የራሱ ሶፍትዌር) ያልታደሰ የቆየ መሣሪያ ቦታውን በትክክል እየመዘገበ ቀኑን ግን ከ19 ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ ሊጽፍ ይችላል። አምራቹ ያወጣው ማደሻ ካለ ጫኑለት። ከሌለም መሣሪያውን አትጣሉት። ማመሳከሪያ ሶፍትዌሩ ላይ 7168 ቀን ማካካሻ ስትሰጡት ሁሉም ቦታውን ይይዛል።

ሌላም አለ። አንዳንድ የቆዩ የእጅ ጂፒኤሶች ትራኩን ሴቭ ስታደርጉት ማህደር ለመቆጠብ ሰዓቱን ያወጡታል። የጂፒኤክሱን ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ክፈቱት። በየነጥቡ ሥር ቀንና ሰዓት ካላያችሁ ያ ፋይል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሴቭ ያልተደረገውን ዋናውን መዝገብ፣ ሳይጠፋ በፊት፣ ከመሣሪያው ላይ አውርዱ።

ፎቶዎቹ ገጥመዋል፣ ግን ሁሉም ተንሸራተዋል

ይሄኛው ከሁሉም በላይ አታላይ ነው፤ ምክንያቱም ሲያዩት የተሠራ ይመስላል። ፎቶዎቹ መንገዱ ላይ ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም ልክ ነው። ድልድዩ ላይ ያነሣችሁት ግን ከድልድዩ አልፎ ተቀምጧል።

ምክንያቱ የካሜራው ሰዓት ጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ መሳሳቱ ነው። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው የአንድ ደቂቃ ስህተት 80 ሜትር ያህል ነው፤ ብዙም አይታወቅም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ግን ያው አንድ ደቂቃ ከ1.3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከመኪናም ሆነ ከባቡር ላይ የምታነሡ ከሆነ ሰዓታችሁ በሰከንድ ደረጃ ልክ መሆን አለበት።

እንዴት ታውቃላችሁ? ጂፒኤሱ ሰዓቱን ከነሰከንዱ የሚያሳይበትን ገጽ ክፈቱና ስክሪኑን በዚያው ካሜራ ፎቶ አንሡት። በቃ። ፎቶው ላይ የሚነበበው ትክክለኛው ሰዓት ነው፤ ኤግዚፉ ውስጥ የተጻፈው የካሜራው ሰዓት ነው። ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ላይ የሰዓት ማካካሻ በሚለው ቦታ አስገቡ። ካሜራው 10፡20፡45 ብሎ ስክሪኑ 10፡20፡08 ካለ፣ ካሜራው 37 ሰከንድ ቀድሟል። ስለዚህ ከፎቶዎቹ ሰዓት ላይ 37 ሰከንድ ይቀነሳል። መደመርና መቀነሱ ሰውን ሁሌም ያምታታል። ምልክቱን ከካርታው ላይም ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ፎቶዎቹ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ቀድመው ከተቀመጡ የካሜራው ሰዓት ቀድሟል፣ ወደኋላ ከቀሩ ዘግይቷል።

የስክሪኑን ፎቶ የማንሣት ልማድ ከሁሉም ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። የካሜራውን ሰዓት በትክክል ሞልቻለሁ ብሎ ከመተማመን ይበልጣል። የካሜራ ሰዓት ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ ብዙ ካሜራም ሰከንዱን በእጅ ለማስተካከል አይመችም። ረጅም ጉዞ ከሆነ ሲጀመርም ሲያልቅም አንሡ። በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ካደገ ሰዓቱ ሲዛነፍ እንደቆየ ታውቃላችሁ፤ እንደ ኤግዚፍቱል ያሉ ፕሮግራሞች ያንን ዝንፈት በጊዜው ልክ አከፋፍለው ማስተካከል ይችላሉ። ሁለት ካሜራ ካላችሁ ለየብቻ አንሡ፣ ለየብቻም አመሳክሩ። ጉዞ መሃል የካሜራውን ሰዓት አትንኩት። ስህተቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ በአንድ ጊዜ ይታረማል፤ መሃል ላይ ከተቀየረ ግን ከየትኛው ፎቶ ጀምሮ እንደተቀየረ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የጂፒኤስ የራሱ ሰዓትና ዩቲሲ ከ2017 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ18 ሰከንድ ይለያያሉ። ማስተካከያውን ሳተላይቶቹ ራሳቸው ይልኩታል፤ ለመድረስ ግን እስከ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየን መሣሪያ ወዲያው እንዳበራችሁ ሰዓቱን አትመኑት። ትንሽ ቆይታችሁ ስክሪኑን አንሡ።

አንዳንዱ ገጥሟል፣ አንዳንዱ ባዶ ነው

ባዶ የቀሩት የጉዞው መጀመሪያ ላይ የተነሡት ከሆኑ፣ ጂፒኤሱ ገና ቦታውን አላገኘም ነበር። ቦታን ከነከፍታው ለማስላት ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ሳተላይት ዝርዝር የምሕዋር መረጃ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚደገመው። እየሄዳችሁ፣ በተለይ ሕንፃና ዛፍ ሥር፣ መልእክቱ በተቆረጠ ቁጥር እንደገና መጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ አብሩትና ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት የጠዋቱን ፎቶዎች በሙሉ ያተርፋል።

ባዶዎቹ መሃል ላይ ከሆኑ ዋሻ፣ ሕንፃ ውስጥ፣ ወይም ጥልቅ ሸለቆ ገብታችሁ ነበር። ሶፍትዌሩ ከሲግናሉ መጥፋት በፊትና በኋላ ያሉትን ነጥቦች በቀጥታ መስመር አገናኝቶ መሃሉን መገመት ይችላል። ኤግዚፍቱል ካልቀየራችሁት በስተቀር እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ክፍተት ይቀበላል። ሙዚየም ውስጥ ቆይታችሁ በገባችሁበት በር ከወጣችሁ ግምቱ ጥሩ ነው። በባቡር ዋሻ ውስጥ እየተጠማዘዛችሁ ካለፋችሁ ግን ግምቱን አትመኑት፤ ክፍተቱን አሳጥሩና የቀሩትን በእጅ ካርታው ላይ አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ቀን ጨርሶ ጠፍቶ የመጨረሻው ቀን ካለ ማህደሩ ሞልቶ አሮጌውን በአዲሱ ሽሮታል። በየሰከንዱ መመዝገቡን ተዉት። ለእግር ጉዞ በየ10 ሰከንዱ ይበቃል። ማታ ማታም ትራኩን አውርዱ።

መንገዱ ራሱ ተጣሟል

ትራኩ ሕንፃ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ሲግናሉ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ነው የደረሰው። ሰማዩ ክፍት ሲሆን ተራ መሣሪያ በጥቂት ሜትር ልክነት ይሠራል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን በአስር ሜትሮች ሊስት ይችላል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል። ጂፒኤሱን ከሱሪ ኪስና ከቦርሳው ግርጌ አውጡት። የሰው አካል በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲግናሉን ይይዘዋል። የቦርሳው ማንገቻ ላይ፣ ትከሻ አካባቢ፣ ወይም የቦርሳው የላይኛው ኪስ ውስጥ ይሁን።

ፎቶው ሌላ አገር ገባ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር በእጅ ተጽፏል። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት በአስርዮሽ 9.5 ነው እንጂ 9.30 አይደለም። ያቺ 0.2 ዲግሪ በኬክሮስ 22 ኪሎ ሜትር ናት። ሰሜንና ደቡብ ከተምታታ ደግሞ ፎቶው ከምድር ወገብ ወዲያ ማዶ ይሻገራል፤ ኤግዚፍ ሰሜን ወይም ደቡብ፣ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚለውን ከቁጥሩ ለይቶ ስለሚጽፍ ያ ቦታ ባዶ መቅረት የለበትም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ከተገፉ፣ ጂፒኤሱ ቁጥሩን ያሳያችሁ በሌላ የካርታ መሠረት (ኬክሮስና ኬንትሮስ በሚለካበት የምድር ሞዴል) ነው። ሴቲንጉን ጂፒኤስ ራሱ ወደሚጠቀምበት ሞዴል፣ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መልሱት።

ጂፒኤሱ ካሜራው ላይ ተሰክቷል፣ ፎቶው ግን ቦታ የለውም

ካሜራው ላይ የሚሰካ ጂፒኤስ ማመሳከሩን ያስቀርላችኋል፤ ችግሩ ግን ሌላ ነው። ካሜራው ባትሪ ለመቆጠብ ሲያንቀላፋ ጂፒኤሱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ድንገት ቀስቅሳችሁ ያነሣችሁት የመጀመሪያ ፎቶ ባዶ ይቀራል። ኒኮን ካሜራዎች ላይ በጂፒኤስ ሜኑ ውስጥ ይህን እንቅልፍ መከልከል ይቻላል፤ ባትሪ ስለሚበላ መለዋወጫ ያዙ። መብራቱንም ማንበብ ልመዱ። ለምሳሌ የኒኮን ጂፒ-1 ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ቦታ አልተገኘም ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ 3 ሳተላይት፣ የማይጠፋ አረንጓዴ 4ና ከዚያ በላይ።

ቦታው ተጽፎ ነበር፣ አሁን የለም

ፎቶው ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ከሆነ ብዙ ሶፍትዌር ቦታውን ፎቶው ውስጥ ሳይሆን ኤክስኤምፒ በሚባል ጎን ለጎን በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ፎቶውን ብቻ ወደ ሌላ ፎልደር ከወሰዳችሁት ቦታው እዚያው ቀረ። ሁለቱን አንድ ላይ አንቀሳቅሱ። ጄፔግ ስታወጡም የቦታ መረጃን አስወግድ የሚለው ምርጫ ተመርጦ እንደሆነ እዩ። ብዙ ማኅበራዊ ድረ ገጾችና የመልእክት መተግበሪያዎች ደግሞ ስትጭኑ ኤግዚፉን ያወጡታል። ይህን ለማስተካከል አትድከሙ፤ ዋናው ፋይል እናንተ ጋ እስካለ ድረስ ምንም አልጠፋም። እንዲያውም ቤት ውስጥ ወይም ልጆች የሚውሉበት ቦታ የተነሣ ፎቶ ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ቦታውን ራሳችሁ አውጡት። ለማስወገድ ኮፒ አድርጋችሁ ከኮፒው ላይ ብቻ ሰርዙ፤ ዋናውን አትንኩት።