የላይብረሪ ካርዳችሁን ለማንም አታውሱ፦ አሜሪካ ለሚገቡ የአገሬ ልጆች

ዘንድሮ ለዕረፍት ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዲቪ ደርሶት ጉዞውን የሚጠባበቅ አንድ የሰፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ እዚያ አገር መጽሐፍ በነጻ ወደ ቤት ይሰጣሉ የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከኮምቦልቻ በስልክ፣ ከሐይቅ በዘመድ በኩል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከአውሮፕላን ከወረዱ ሳምንት ካልሞላቸው ሰዎች ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። እውነት ነው። ይሁንና «እውነት ነው» ብዬ ብቻ የሸኘኋቸው ሰዎች ኋላ ሲቸገሩ ስላየሁ፣ ከነሱም በፊት እኔው ራሴ ስለተቸገርኩ፣ ዛሬ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እኛ ያደግንበት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ መታወቂያ አስይዞ፣ ቦርሳ ለጥበቃ አስረክቦ፣ የመጽሐፉን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በመስኮት የሚጠይቁበትና እዚያው ቁጭ ብለው አንብበው የሚመልሱበት ነበር። ከዚያ የመጣ ሰው የውጭ አገሩን ላይብረሪ ሲያይ ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ «ማን ያስገባኛል» እያለ ለወራት በበሩ ሲያልፍ ይከርማል፣ ወይ ደግሞ ነጻ መሆኑ አዘናግቶት የተዋሰው የሕዝብ ንብረት መሆኑን ይረሳል። ፊተኛውን አብሽር እለዋለሁ፤ ለመግባት፣ ለመቀመጥ፣ ከመደርደሪያ አንስቶ ለማንበብ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ካርድ የሚያስፈልገው ለመዋስና በብዙ ቦታ በኮምፒውተራቸው ለመጠቀም ነው። ስለ ሁለተኛው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርዱን ለማውጣት ፎቶ ያለበት መታወቂያና የከተማው ነዋሪ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል ወይም የባንክ ደብዳቤ ማለት ነው። አዲስ ገቢው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ያረፈው ዘመድ ቤት ነውና ውሉም ቢሉም በዘመዱ ስም ነው። ወረቀት ለማግኘት ሌላ ወረቀት አምጡ የሚባለው እኛ አገር ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው ያን ቀን ይነቃል። መላው ይህ ነው፦ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት መለያ ቁጥር) ካርዳችሁ የመጣበትን ፖስታ አትጣሉት፤ ስማችሁና አድራሻችሁ ታትሞበት በቅርቡ የደረሰ ደብዳቤ ብዙ ከተሞች ይቀበላሉ። እሱም ካልሆነ ጥቂት መጽሐፍ ብቻ የሚያስወስድ ጊዜያዊ ካርድ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ለልጅ ሲወጣ ወላጅ ይፈርማል፤ የእናትም የአባትም የልጅም የመጨረሻ ስም የተለያየ ሆኖ ሲገኝ ሠራተኛዋ ግራ መጋባቷ ስለማይቀር፣ የልደት ወረቀቱን ትርጉም ይዛችሁ ሂዱና ሳትቆጡ አስረዱ።

አገልግሎቱ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክፍል፣ ልጆችን የቤት ሥራ የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች፣ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ በአንዳንድ ከተማም የሙዚየም መግቢያ ትኬት ሳይቀር አለ። ሊቢ የተባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ የካርድ ቁጥራችሁን ብታስገቡ፣ መጽሐፉን እዚያው ስልካችሁ ላይ ተውሳችሁ ታነባላችሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ተመልሶ ስለሚሄድ መጥፋትም መዘግየትም የለም። ለዜግነት ፈተና መጽሐፍ ስትዋሱ ግን የታተመበትን ዓመት ሳታዩ አታንሱ። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመለክት ሰው የሚዘጋጀው ለ128 ጥያቄዎች ሲሆን፣ እስከ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ አለበት፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት የቆዩ መጻሕፍት ግን 100 ጥያቄ ብቻ የያዙ ናቸው። ሰዓቱንም ልብ በሉ፤ በ10 ይከፈታል ሲሉ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በዚህ ተሳስቶ በበረዶ በር ላይ የቆመ ሰው አውቃለሁ።

አዲስ የወጡ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከመግቢያው አጠገብ ለብቻቸው ይደረደራሉ፣ የመዋስ ጊዜያቸውም ያጥራል። ሲያትል ለምሳሌ ፒክ ፒክስ በሚለው አሠራሩ ተፈላጊ አዳዲስ መጻሕፍትን ተራ ሳያስይዝ ለ14 ቀን ያውሳል፤ ማራዘም ግን አይቻልም። በሲያትልም በቶሮንቶም የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። እዚህ ላይ የወገኖቼ ነገር ያበሽቀኛል፤ «የአማርኛ መጽሐፍ ለምን አይበዛም» ብለው ያማርራሉ፣ ያለውን ግን አይዋሱም። ላይብረሪ ማንም ያልተዋሰውን መጽሐፍ በጊዜ ብዛት ከመደርደሪያ ያወርደዋል። የምትፈልጉትን መጽሐፍ እንዲገዙ በፎርም መጠየቅ ይቻላል፤ ጠይቁ፣ ሲመጣም ተዋሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መጀመሪያ በኖርኩባት ከተማ፣ ስሟን ልተወውና፣ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ የአገሬ ልጅ ጋር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረው «ካርድህን ለሁለት ቀን ብቻ» አለኝ። የወሎ ሰው ያለውን ተለምኖ እምቢ ሊል ነው? ከነምስጢር ቁጥሩ ሰጠሁት። ልጁ ሦስት ወፋፍራም የነርስነት ፈተና መጻሕፍትና ዘጠኝ ፊልም ወሰደ፤ በወሩ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘና መጻሕፍቱ በመኪናው ሻንጣ እንዳሉ ሄደ። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በማልከፍተው ኢሜይል ነበር፤ ኋላ በፖስታ የመጣውንም ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር አብሬ ጣልኩት። የነቃሁት ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደውሎ 312 ዶላር እንዳለብኝ ሲነግረኝ ነው።

ወደ ላይብረሪው አራት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ካርዱ ተሰርቆ ከሆነ የፖሊስ ወረቀት አምጣ አሉኝ፤ አልተሰረቀም፣ በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት። ቀጥሎ ኃላፊዋ የምትገባው ማክሰኞ ብቻ ነው ተባልኩ። ማክሰኞ ስሄድ ጉዳዩ ወደ ድርጅቱ ስለተላለፈ ከነሱ ጋር ተነጋገር አሉኝ፤ ድርጅቱ ደግሞ ወደ ላይብረሪው መለሰኝ። በአራተኛው አንዲት ሽማግሌ ሠራተኛ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ስሜን በጣቷ አሳየችኝና «ካርዱ ያንተ፣ የተዋስከውም አንተ ነህ» አለችኝ። በየወሩ 40 ዶላር እየከፈልኩ ጨረስኩት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጁ ይቅርታ ጠይቆ መጻሕፍቱን በፖስታ ቢልክልኝም፣ የተከፈለበትን መልሰን አንቀበልም አሉኝ፤ እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሦስቱ የነርስነት መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ ቤቴ አሉ።

«አሁንማ ቅጣት ቀርቷል» የሚሉኝ አሉ። ቺካጎ በጥቅምት 2019፣ ሲያትል በጥር 2020፣ ቶሮንቶ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የመዘግየት ቅጣትን እንዳነሱ አውቃለሁ። የተነሳው ግን የመዘግየት ቅጣት ብቻ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ፣ ከተበላሸ ወይም ከመመለሻ ቀኑ በጣም ካለፈ ዋጋው በካርዱ ባለቤት ላይ ይመዘገባል፤ ካርዱም ይታገዳል። የመመለሻውን ቀን ስታነቡም 06/07 ማለት በአሜሪካ ጁን 7 እንጂ በስድስተኛው ቀን ማለት አይደለም። ከተማ ስትቀይሩ ያለባችሁን ሁሉ መልሳችሁ፣ ሒሳባችሁ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ካርዱን አዘግታችሁ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ስነግረው የሰፈራችን ልጅ ሻዩ ቀዝቅዞበት ነበር። «ለታላቅ ወንድሜም አላውሰውም? አብረን እኮ ነው የምንሄደው» አለኝ። ለወንድምህም አታውሰው፣ እሱም የራሱን ያውጣ፣ በነጻ ነው አልኩት።