ከልጆች ጋር ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ ሲታቀድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቤተሰብ ጉዞ ወሬ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከቦታ ስም ነው። አባት «ዱባይ» ይላል፤ እናት «ዑምራ ይቅደም» ትላለች፤ በውጭ የሚኖር አጎት «እኛ ዘንድ ኑ» ብሎ ይጠራል፤ ልጆቹም በስልክ ያዩትን የውሃ መጫወቻ ይመርጣሉ። ስሙ አንዴ ከተጠራ በኋላ ወቅቱ፣ ወረቀቱ፣ የልጆቹ ዕድሜና ገንዘቡ ሁሉ ለዚያ ስም እንዲገዙ ይደረጋል። በእኔ እምነት ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መድረሻ መመረጥ ያለበት በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ከልጆቹ መካከል ትንሹ ስንት ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ እንደሚችል፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ እንደሆነና የትኛው ሰነድ በእጅ እንዳለ ነው።

ወቅትን በደሴ ሰማይ መለካት ቀዳሚው ስህተት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሚውልበት፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት የሚውሉበት ጊዜ በመሆኑ «ፀሐይ ወዳለበት አገር እንሂድ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ይሁን እንጂ በእነዚሁ ወራት በዱባይም ሆነ በመካ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ የደሴ ልጅ ከሆቴል ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ገበያ ማዕከል ከመዘዋወር በቀር ደጅ ወጥቶ መጫወት አይሆንለትም። ኬፕታውን ደግሞ በዚያን ጊዜ ዝናባማ ክረምት ላይ ናት። በአንጻሩ የኬንያና የዛንዚባር ደረቅና ለዘብ ያለ አየር የሚገኘው ልክ በእኛ ክረምት ነው፤ በማሳይ ማራ የሚታየው ታላቁ የእንስሳት ፍልሰትም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ላይ ያርፋል። በፋሲካ ሰሞን ወደ ኬንያና ዛንዚባር የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙ የዝናብ ወቅት መሆኑን ይወቅ።

ልጆች ይዞ ዑምራ ለማድረግ የሚያስብ ቤተሰብ የክረምቱን ረጅም ዕረፍት ከመጠበቅ ይልቅ በጥር መጨረሻ ገደማ በሚሰጠው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ቢጠቀም ሙቀቱ እጅግ ይቀልለታል። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ለአዋቂው ትልቅ ምንዳ የሚጠበቅባቸው ቢሆኑም፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ የሕፃን እጅ ይዞ ጠዋፍ (ካዕባን መዞር) ማድረግ ለልጁም ለወላጁም ፈተና ነው።

ሰነድን በተመለከተ የሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙ ስለሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ማንኛውም ልጅ፣ የአንድ ወር ሕፃንም ቢሆን፣ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ብዙ አገሮችም ፓስፖርቱ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ስለሚጠይቁ የወላጅን ብቻ አይቶ የልጆቹን ሳያዩ መቅረት አይገባም። ከዚህ የሚብሰው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም፣ እናትም በራሷ አባት ስም ስለምትጠራ፣ እናት ብቻዋን ሁለት ልጆች ይዛ ስትጓዝ በእሷና በልጆቿ ፓስፖርት ላይ ያለው ስም ዝምድናቸውን አያሳይም። እዚህ ይህ ማንንም አይገርመውም፤ ባል፣ ሚስትና ልጆች በአንድ የቤተሰብ ስም በሚጠሩበት አገር ያለ የድንበር ሠራተኛ ግን ልጆቹ የማን እንደሆኑ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ የሁለቱም ወላጆች ስም የሰፈረበት፣ ተተርጉሞ የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም አባት የማይሄድ ከሆነ ሰነድ በሚያረጋግጥ አካል ፊት የሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ መያዝ አለበት። ሻንጣ ውስጥ የታሸገ ወረቀት ከመስኮቱ ፊት ለቆመችው እናት አይደርስላትም።

የልደት ወረቀቱ ራሱ እንከን ሊኖረው እንደሚችልም አይዘንጋ። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የልደት ቀኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 እንጂ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፤ ከዚያ ቀድሞ የነበረው 2007 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበራት ዓመት ነውና። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ በልማድ የጻፈ ሰው በልደት ወረቀቱና በፓስፖርቱ መካከል የአንድ ቀን ልዩነት ይፈጥራል፤ ይህች አንድ ቀን ደግሞ ቪዛ ሲጠየቅ ብዙ ታመላልሳለች። እንደ መሐመድና ሑሴን ያሉ ስሞችም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ፣ ለልጅ ፓስፖርት ሲያመለክቱ የአባትየውን ፓስፖርት ከፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማመሳከር ያስፈልጋል።

በአንድ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ (ሸንገን) አገሮች የሚያስቡ ቤተሰቦች ደግሞ ጊዜውን አሳንሰው ይገምታሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ መደበኛው የመወሰኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ስለሚችል የሐምሌን ጉዞ ሰኔ ላይ መጀመር ራስን በከንቱ ማስጨነቅ ነው፤ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ መነሣት ይሻላል። ዕድሜው 12 ዓመት የሞላ ልጅ አሻራ ስለሚሰጥ አዲስ አበባ ድረስ በአካል መሄድ ይኖርበታል፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ምልልስ ከነአዳሩ በበጀቱ መካተት፣ ቀኑም ከፈተና ሳምንት መራቅ አለበት። የማመልከቻ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። ከአምስት ሰው ቤተሰብ አራቱ ተፈቅዶላቸው አንዱ ሊከለከል ስለሚችል፣ ቪዛው በሙሉ እጅ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት መግዛት አይገባም። ቪዛ ያስጨነቀው ቤተሰብ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ የማትጠይቀውን፣ ከቦሌ የሁለት ሰዓት በረራ ብቻ የምትርቀውን ኬንያን ለምን እንደሚዘነጋት አይገባኝም።

የትኬት ሰዓትን በእኛ ልማድ ማንበብም አውሮፕላን ያስመልጣል። ትኬቱ «ጁላይ 12፣ 00:20» ካለ በረራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ነው። ጁላይ 12 ሐምሌ 5 ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሐምሌ 5 ቀን ከዘመድ ጋር ምሳ በልቶ፣ ማታውን ተሰነባብቶ ወደ ቦሌ ለመሄድ ያቅዳል፤ አውሮፕላኑ ግን የሄደው በሐምሌ 4፣ ለ5 አጥቢያ ሌሊት ነው። ከቦሌ ወደ ሩቅ አገር የሚነሡ በርካታ በረራዎች የሌሊት ስለሆኑ ይህን በቀን መቁጠሪያ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበጃል። በወላጅ ጭን የሚጓዝ ሕፃን ከሁለት ዓመት በታች መሆን እንዳለበትና በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው የራሱ መቀመጫ እንደሚያስፈልገውም አብሮ ይታሰብ።

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ከቦሌ ወደ ውጭ ለመብረር ማቀድ ሌላው ችግር ነው። በክረምት ጉምና ዝናብ የአገር ውስጥ በረራን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ትኬት የተገዙ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ያመጣው ኪሳራ የመንገደኛው ራሱ ይሆናል። በአንድ ትኬት መግዛት ወይም አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ማደር ይመረጣል። በመኪና ለሚሄዱም፣ የመንገዱን ሰላም በዋዜማው አጣርተው፣ የሚያድሩበትን ቀን አስልተው ቢነሡ መልካም ነው።

ልጅ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ግን ወላጅ በገንዘቡ ልክ ሁሉንም ለማየት የሚያወጣው መርሐ ግብር ነው። «ይህን ያህል ከፍለን እንዴት ማሳይ ማራን ሳናይ እንመለሳለን» የሚል አባት፣ ከናይሮቢ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ሄዶ በማግስቱ መመለስ ለስድስት ዓመት ልጅ ምን እንደሆነ ማሰብ ይኖርበታል። ከናይሮቢ ከተማ ጠርዝ የሚጀምረው ብሔራዊ ፓርክ ቀጭኔና አንበሳ ከኋላቸው ፎቅ እየታየ የሚገኙበት ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ከሰዓት በኋላ ልጁ ይተኛል፣ ይጫወታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የናይሮቢና ሞምባሳ ባቡርም በጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ በኩል ስለሚያልፍ፣ ዕድለኛ የሆነ ልጅ በመስኮቱ ዝሆን ያያል፤ ልጅ ደግሞ በባቡር ውስጥ መንቀሳቀስ ይችላል፣ በሚኒባስ ግን ታስሮ ይቀመጣል። በቀን አንድ ዋና ነገር ከበቂ በላይ ነው።

የልጁን አቅም ለማወቅ ሐረጎን መውረድ ጥሩ ሚዛን ነው። ቁርሷን ጥግብ ብላ የበላች ልጅ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን መንገድ ስትወርድ መጀመሪያ ወሬዋን ታቆማለች፤ ቀጥሎ ደጋግማ ታዛጋለች፤ ከዚያ ፊቷ ይገረጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። «እማዬ፣ ሆዴን» እስክትል ከተጠበቀ ዘግይቷል። ማዛጋቱ ሲጀምር መስኮት ከፍቶ ዓይኗን ከስልክ አንሥታ ሩቅ እንድትመለከት ማድረግ፣ ከጉዞው በፊትም ቀለል ያለ ነገር ማብላት ይረዳል። በዚህች አጭር መንገድ የምትታወክ ልጅ በጣርማ በር በኩል ወደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ ተጉዛ በዚያው ሌሊት አውሮፕላን ልትሳፈር አይገባትም። ከትልቁ ጉዞ በፊት ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሐይቅ ከተማ ሁለት ሌሊት አድሮ መመለስም ብዙ ያስተምራል፦ ማን ከራሱ አልጋ ውጭ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ማን የሆቴል ምግብ እንደማይበላ፣ ሻንጣው ምን ያህል ከልክ ያለፈ እንደነበር እዚያው ይታወቃል።

ጤናን በተመለከተ ደገኛ ቤተሰብ በተለይ ወባን ይዘነጋል። ደሴ ከፍ ያለች ስለሆነች ልጆቻችን ከወባ ጋር ብዙም አይተዋወቁም፤ ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ አጎበርና እንደ ክብደታቸው የሚታዘዝ መከላከያ ስለሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ኬንያን፣ ግብጽንና ሕንድን ጨምሮ ብዙ አገሮች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው መከተብ አይጠቅምም። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ለዑምራ የሚሄዱ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችም የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ይጠየቃሉ።

ለዘመድ የሚወሰደው ስንቅም ያስቀጣል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ስለተከለከለ፣ እናት ተጨንቃ ያነጠረችው ቅቤና ያደረቀችው ቋንጣ እዚያው ይወረሳል፤ ለሕፃን የሚሆን የዱቄት ወተት ግን ይፈቀዳል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለልጆቹ ለራሳቸው በመንገድ ላይ ከሁሉ የተሻለ ስንቅ ናቸው። የሐላል፣ የጾም ወይም የልጅ ምግብ በአውሮፕላን ላይ የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ስለሚጠይቁ ትኬት ሲቆርጥ ይናገር።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ በጀትን በብር ብቻ መያዝ ግን ስህተት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከወራት በፊት የተሰላ ሒሳብ እንዳለ አይቆይም፤ ስሌቱ በሚከፈልበት ገንዘብ ተሠርቶ፣ ጉዞው ሲቃረብ እንደገና መታየት አለበት።

መመለሻን በመጨረሻዋ ቀን ማድረግም ብዙዎች የሚፈጽሙት ነው። የነሐሴ አጋማሽና መጨረሻ የአውሮፓና የአሜሪካ ቤተሰቦችም ከዕረፍት የሚመለሱበት ስለሆነ ትኬቱ ይወደዳል፣ መቀመጫም ይጠባል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባም በዚያው ሰሞን ይውላል። ሰኔ መጨረሻ ፈተና እንዳለቀ ወጥቶ ሐምሌ ሳያልቅ የሚመለስ ቤተሰብ በዋጋም ይጠቀማል፤ ልጆቹም ከሰዓት ልዩነቱ አገግመው፣ ደብተርና ዩኒፎርማቸውን ገዝተው በጊዜያቸው ይመዘገባሉ።